ጉቶው ሳይታይ ችግኝ አይገዛ

ጥያቄ፦ ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ በወለንጪቲ አቅጣጫ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር ከብት የምናሰማራበት ወደ 40 ሄክታር የጋራ ግጦሽ አለን። ግራሩ ለከሰል ተቆርጦ የቀረው ጉቶ ብቻ ነው። አንድ ሰው መጥቶ «መሬቱን ከልሉ፣ ችግኝ ተክሉ፣ ዛፉ ከአየር ስቦ ለሚያከማቸው ካርቦን ገንዘብ ይከፈላችኋል፤ አሁኑኑ ፈርሙ» አለን። ከየት እንጀምር? ፍየሎቻችንንስ የት እናድርጋቸው?

መልስ፦ መጀመሪያ ጉቶውን እዩ። ቅርፊቱን በቢላ ፋቅ ስታደርጉት ውስጡ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሥሩ ሕያው ነው፤ በጥልቀት ስለወረደም በጋውን ይችላል። በቆላ የተተከለ ችግኝ ግን ብዙ ጊዜ ሥሩ ሳይወርድ ዝናቡ ያቆምበትና ይደርቃል። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በአብዛኛው ያገገመው ከጉቶና ከሥር በወጣ ቀንበጥ ነው።

ሥራው የሚጀመረው በበጋው መጨረሻ ነው። በአንድ ጉቶ ዙሪያ 10ም 20ም ቀንበጥ ይወጣል። ወፍራምና ቀጥ ያሉትን፣ ተራርቀው የቆሙትን ከ3 እስከ 5 አስቀርታችሁ ሌላውን ከጉቶው አጠገብ ቁረጡ። የቀሩትን እስከ ቁመታቸው ግማሽ ብቻ መልምሉ፤ ከዚያ ካለፈ ቀንበጡ ይቀጥንና ነፋስ ያጎብጠዋል። በመጋዝ ወይም በደንብ በተሳለ ገጀራ ከታች ወደ ላይ ቁረጡ። ከላይ ወደ ታች ከመታችሁት ቅርፊቱ እስከ ጉቶው ድረስ ይላጣል፤ በዚያ ቁስል ተባይና ብስባሽ ይገባል። የተመለመለውን እሾህ ጉቶው ዙሪያ ከምሩት፤ ፍየል አፏን የምታስገባበት ቀዳዳ አይኑረው። በየ3 ወሩ እየተመለሳችሁ አዲስ የወጣውን አንሱ።

40 ሄክታሩን ግን በአንድ ጊዜ አትከልሉ። ከብቱ ጎረቤት መሬት ላይ ሄዶ ቢያራቁት ያ ጉዳት ከካርቦን ሒሳባችሁ ይቀነሳል፤ ጠቡም ሌላ ነው። ለ4 ከፍላችሁ በየተራ ከልሉ። በሁለት እግሯ የቆመች ፍየል ወደ 2 ሜትር ስለምትደርስ፣ ቀንበጡ ያንን ሳያልፍ አታስገቡ። እስከዚያ ሣሩን አጭዳችሁ ለከብቱ አድርሱ፤ ካልታጨደ ደርቆ አንድ ቀን በእሳት ሁሉንም ይዞ ይሄዳል።

ስለ ገንዘቡ፦ የሚከፈለው ለአጥሩም ለችግኙም አይደለም፤ ያለ እናንተ ሥራ ሊኖር ከሚችለው በላይ ለጨመረውና በገለልተኛ ወገን ለተረጋገጠው ካርቦን ነው። የግንድ ውፍረት የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚቆጠር ነገር ጥቂት ነው። በሄክታር 10 ቶን ደረቅ እንጨት ቢጨምር ግማሹ፣ 5 ቶን ገደማ፣ ካርቦን ነው፤ በ3.67 ሲባዛ ወደ 18 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ዋናው ጥያቄ ግራሩ መቼ ተቆረጠ የሚለው ነው። ባለፉት 10 ዓመታት የተመነጠረ የተፈጥሮ ደን ከሆነ ብዙ ተቀባይነት ያለው አንድ የካርቦን ደረጃ (ካርቦን ለሽያጭ የሚመዘገብበት የመስፈርት ደንብ) አይቀበለውም። ስለዚህ ገጀራ ሳታነሱ መሬቱን ፎቶ አንሱ፣ ድንበሩንም በጂፒኤስ ያዙ።

ለብቻ ሲሆን የማረጋገጫው ወጪ ገቢውን ስለሚበላው በማኅበር ተደራጁ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብ ደንን ያውቃል፤ ይዞታችሁን በወረዳው በኩል አስመዝግቡ። ሰውዬው ባመጣው ውል ላይ ስንት ዓመት እንደሚያስር፣ የካርቦኑ ሽያጭ ገቢ በስንት በመቶ እንደሚከፋፈል፣ ለማረጋገጫው የሚከፍለው ማን እንደሆነና ደኑ ቢቃጠል ኪሳራው የማን እንደሚሆን ይጻፍ። ውሉም በአፋን ኦሮሞ ተተርጉሞ ለአባላቱ ሁሉ፣ ለእረኞቹም ጭምር፣ ይነበብ።