የፍለጋ ታሪኬን ካጠፋሁት ማን ያገኘዋል?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ከደባሌ ጋር ተከራክረን መስማማት አቃተን። እሱ "ኢንኮግኒቶ (ታሪክ የማያስቀምጠውን የብራውዘር መስኮት) ከፍተህ፣ ቪፒኤን (የኢንተርኔት አድራሻህን የሚሸፍን አገልግሎት) ከጨመርክበት ፖሊስ ጫፍህን አያገኝም" ይላል። እኔ ያገኛል ባይ ነኝ፤ እንዴት ስባል ግን መልስ የለኝም። እስቲ ፍረዱን። ዳ.

መልስ፦ ረትተሃል ወንድሜ። እንዴትነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚያው አጠገባችሁ ዴንቨር የሆነውን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2020 ሌሊት አንድ ቤት ተቃጥሎ ከሴኔጋል የመጣ ቤተሰብ አምስት ሰው አለቀበት፤ ሕፃናትም አሉበት። የጥበቃ ካሜራ የያዘው ጭምብል ያጠለቁ ሦስት ሰዎችን ብቻ ነው። መርማሪዎቹ ወራት ለፉ፤ ጠብ የሚል ነገር አልተገኘም።

በኋላ ነገሩን ገለበጡት። ወትሮ አንድ ሰው ይጠረጠርና ምን ሲፈልግ እንደነበር ይታያል። እዚህ ግን ተጠርጣሪ ስለሌለ፣ በፍርድ ቤት ማዘዣ ጎግልን "ከቃጠሎው በፊት በነበሩት 15 ቀናት ይህን አድራሻ የፈለገ ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። 61 ፍለጋ፣ ከ8 አካውንት መጣ። መጀመሪያ ስም አልነበረውም። ከስምንቱ አምስቱ ኮሎራዶ ውስጥ ያሉ ስለነበሩ እነሱን ይዘው ገፉበትና ሦስት ታዳጊዎች ላይ ደረሱ። ምክንያቱ ደግሞ ያንገበግባል። አንደኛው ልጅ ስልኩን ተዘርፎ ነበር፤ የስልክ መፈለጊያው መተግበሪያ ያንን ቤት አሳየው። ቤተሰቡ ግን ከዘረፋው ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም።

እና ኢንኮግኒቶ የሚደብቅህ ከማን መሰለህ? ያንኑ ላፕቶፕ ከሚጠቀመው ደባልህ ነው! ብራውዘሩ ታሪኩን አያስቀምጥም፣ የከፈትከው ድረ ገጽና ኢንተርኔት የሚሸጥልህ ድርጅት ጋ ግን መዝገቡ ሊቀር ይችላል።

ቪፒኤንና መሰሎቹ ትንሽ ይሻላሉ፤ መደበቂያውን መጠቀምህ ራሱ ግን ምልክት ሊሆን ይችላል። በ2013 ዲሴምበር አንድ የሃርቫርድ ተማሪ ፈተና ለማምለጥ ብሎ (አዎ፣ ለፈተና!) የሐሰት የቦምብ ማስፈራሪያ በጊዜያዊ ኢሜይል ላከ፣ ማንነቱን ደግሞ ቶር በሚባለው፣ ግንኙነትን በብዙ ኮምፒዩተር እያዞረ መነሻውን በሚደብቅ መረብ ሸፈነ። ኢሜይሉ በቶር መምጣቱ ታወቀ። የተላከው ግን ከግቢው ዋይፋይ ነበርና፣ በዚያ ሰዓት ከግቢው ቶር ውስጥ የገባ ማን እንደሆነ ከዩኒቨርሲቲው መዝገብ ታየ። ሲጠይቁት አመነ። ቶር አልተሰበረም፤ መሰበርም አላስፈለገውም።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። በዴንቨሩ መዝገብ ውስጥ በእሳቱ እጃቸው የሌለበት ሰዎችም ገብተዋል። ዘመዱን ሊጠይቅ ወይ ፒዛ ሊያደርስ አድራሻ የጻፈ ሰውም እንዲህ ባለ ወንፊት ሊያዝ ይችላል። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 የፍለጋ ታሪክ የሕግ ጥበቃ አለው አለ፤ ፖሊሶቹ ግን በቅን ልቦና ስለሠሩ ማስረጃው አይጣልም ብሎ ወሰነ። ገዳዮቹ በመያዛቸው ደስ ይለኛል፣ መንገዱ ግን እንዲህ በቀላሉ ባይከፈት እመርጥ ነበር።

ጥያቄ፦ በስሜ የወጣ ሲም ካርድ ለቀድሞ ሠራተኛዬ ሰጥቻለሁ፣ አሁን የት እንዳለች አላውቅም። ልጄ "የደወለችው ሁሉ ባንቺ ስም ይመዘገባል" እያለ ያስፈራራኛል። እውነት ነው? አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ እውነቱን ነው። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ የሚባለውን ለአንድ ዓመት ማቆየት አለባቸው። ይህ ማለት ከየት ወደ የት፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ የሚለው ነው እንጂ የተወራው ወሬ አይደለም። መርማሪ በዚያ ቁጥር ከመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የእርስዎን ስም ነው። ይህ ብቻውን ወንጀለኛ አያደርግዎትም፤ ተጠርተው "ሲሙን ለማን ሰጡ?" መባል ግን አይቀርም፣ ያኔ ደግሞ ልጅቷን ከየት ያመጧታል? መታወቂያዎን ይዘው የቴሌ አገልግሎት ማዕከል ይሂዱና ቁጥሩን ያዘጉት። ከተገኘች አብራችሁ ሄዳችሁ በስሟ ይዙርላት።