ለጀማሪ ጠበቆች፦ ስለ ይግባኝ ቀን፣ ስለ ክስ አጻጻፍና ስለ ውክልና ጥያቄና መልስ

በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥራ ከጀመሩ ባልደረቦች የቀረቡ ጥያቄዎች ናቸው። ብዙ መዝገብ የሚጠፋው በክርክር ድክመት ሳይሆን ከችሎት በፊት በሚሠራ ሥራ ጉድለት ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የፍትሐ ብሔር ይግባኝ 60 ቀን ከመቼ ይቆጠራል? ግልባጩ ቢዘገይስ?

ቀኑ የሚቆጠረው ፍርዱ ከተሰጠበት ዕለት ነው (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁ. 323(2)፤ ከዚህ በታች ሕጉ ሳይጠራ «ቁ.» ብቻ ሲባል ይህንኑ ሕግ ነው)። ግልባጩ እጄ ሲገባ እጀምራለሁ ብለው አይጠብቁ። ፍርዱ በተነበበበት ዕለት የግልባጭ ጥያቄዎን በጽሑፍ ለመዝገብ ቤት ያስገቡ፤ የተጠየቀበትና የተሰጠበት ቀን በሰነድ እንዲሰፍር ያድርጉ። በኋላ ስለ መዘግየቱ ማስረዳት ካስፈለገ ያለዎት ማስረጃ ይኸው ነው።

ጊዜው ካለፈ የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ማመልከቻውን አይቀበልም። ከዚያ በ10 ቀን ውስጥ የማስፈቀጃ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ በቂ ምክንያት ግን ማሳየት ያስፈልጋል። ቁ. 326(2) በተለይ ልብ ይበሉት፦ ጠበቃው ወይም ወኪሉ በፈጸመው ጥፋት ይግባኙ ቢዘገይ እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም። ጠበቃው ቀን ሲረሳ መብቱን የሚያጣው ደንበኛው ነው።

60 ቀን ለሁሉም ጉዳይ እንደማይሠራም ይወቁ። የሥራ ክርክር ይግባኝ 30 ቀን ነው። በወንጀል ደግሞ የይግባኝ ማስታወቂያው በ15 ቀን፣ ማመልከቻው ግልባጩ ከደረሰበት ጀምሮ በ30 ቀን ይቀርባል (የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁ. 187)። መዝገብ ሲከፍቱ የፋይሉ ሽፋን ላይ የጉዳዩን ዓይነትና የመጨረሻውን ቀን በጉልህ ይጻፉ።

ይግባኝ ማስገባት ብቻውን አፈጻጸምን አያስቆምም። የዕግድ አቤቱታውን ከይግባኙ ጋር አብረው ያቅርቡ፤ ደንበኛው ላይ ምን የማይመለስ ጉዳት እንደሚደርስ በቃለ መሐላ ያስደግፉት።

ጥያቄ፦ የብድር ክሴ «የክስ ምክንያት የለውም» ተብሎ ተመለሰብኝ። ምን ጎደለኝ?

ክሱን ሳላየው በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ በአብዛኛው የሚጎድለው ግን መብቱን የሚፈጥረው ፍሬ ነገር ነው። ውሉ መቼ ተፈረመ? ገንዘቡ ስንት ነው፣ ለተከሳሹስ መቼና እንዴት ተሰጠ? መመለሻው መቼ ነበር? ስንት ተከፍሎ ስንት ቀረ? ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል? ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል፣ የተጻፈው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ ተከሳሹ ለምን እንደሚገደድ ዳኛው ከማመልከቻው ላይ ማየት አይችልም። ቁ. 33 እና 231 የሚመጡት እዚህ ላይ ነው።

ጀማሪዎች ይህንን ትተው የሕግ ትንታኔ ይደረድራሉ። ክሱ ፍሬ ነገሩን አጥርቶ ይናገር፤ ትንታኔው በክርክሩ ጊዜ ይደርሳል።

ዳኝነቱንም ዘርዝረው ይጠይቁ፦ ዋናውን ገንዘብ፣ ወለዱን ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ፣ ወጪና ኪሳራውን። «ተገቢው ዳኝነት ይሰጠኝ» ብሎ መዝጋት ደንበኛን ይጎዳል፤ ፍርድ ቤት ያልተጠየቀውን አይሰጥምና።

ማስረጃውን ክሱን ከመጻፍዎ በፊት ይመርምሩ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፍ/ሕ/ቁ. 2472)። ደንበኛው አምስት ምስክር አለኝ ቢልዎ ስለ ጽሑፉ ይጠይቁት። በቁ. 223 መሠረት ደግሞ የምስክሮችን ሙሉ ስም፣ አድራሻና የሚያስረዱትን ጭብጥ ከክሱ ጋር ያያይዙ። በኋላ አቀርባለሁ የተባለ ማስረጃ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

ጥያቄ፦ የይርጋ (የመክሰሻው ጊዜ አልፏል የሚል) መቃወሚያ ብዘነጋ ፍርድ ቤቱ ራሱ አያነሳውም?

አያነሳውም፤ ፍ/ሕ/ቁ. 1856(2) ይከለክለዋል። በመጀመሪያው መልስዎ ከሌሎቹ የቁ. 244 መቃወሚያዎች ጋር ያንሱት። ከዘለሉት እንደተዉት ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ 8 ሚሊዮን ብር የሚጠየቅበትን ክስ የት ልክፈት?

ልዩ ሥልጣን የሚሰጥ ሌላ ምክንያት ከሌለ ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ። ከአዋጅ 1234/2013 ወዲህ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በገንዘብ ልክ የሚያየው ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ የሆነውን ነው።

ጥያቄ፦ ደንበኛዬ አሜሪካ ናት፤ ወንድሟ «ጠቅላላ ውክልና» ይዞ መጣ። ይበቃል?

በስሙ አይታለሉ፣ ይዘቱን ያንብቡ። ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ ሥልጣን ነው። ክስ መመሥረትና መከራከር፣ መታረቅ፣ ወደ ግልግል መሄድ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ልዩ ሥልጣን ይፈልጋሉ (ፍ/ሕ/ቁ. 2205)። ወንድምየው እርስዎን በእህቱ ስም ጠበቃ አድርጎ የሚሾም ከሆነ ለጠበቃ ውክልና የመስጠት ሥልጣኑም በግልጽ መጻፍ አለበት።

አዲስ ከሆነ የሚሠራው፣ ረቂቁን እርስዎ ያዘጋጁላት። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፊት ትፈርማለች፤ ሰነዱ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይመዘገባል። ስሟ በፓስፖርቷና በይዞታ ማረጋገጫው ላይ አንድ መሆኑን አስቀድመው ያመሳክሩ። የአንድ ፊደል ልዩነት ወራት ሊያስከፍል ይችላል።

ጥያቄ፦ የሰበር (የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሕግ ስህተት የሚያርምበት ችሎት) ውሳኔ ስጠቅስ ምን ልጠንቀቅ?

አስገዳጅ የሚሆነው ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የተሰጠው የሕግ ትርጉም እንጂ የመዝገቡ ውጤት አይደለም። ስለዚህ የመዝገብ ቁጥሩን ብቻ ጠርተው አያልፉ፤ የዚያ ጉዳይ ፍሬ ነገር ከእርስዎ ጋር የሚገናኝበትን ነጥብ ያሳዩ። ውሳኔው በኋላ በሌላ ውሳኔ መለወጡንም ያጣሩ።

እርስዎ ለሰበር ሲያመለክቱ ደግሞ የማስረጃ ምዘናን እንደ ይግባኝ አይከራከሩ። ስህተቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ፦ የትኛው ሕግ ተሳስቶ ተተረጎመ፣ የትኛው ጭብጥ ሳይያዝ ቀረ፣ ወይም የትኛው የቀደመ አስገዳጅ ትርጉም ተጣሰ። አቤቱታው ለሰበር ያስቀርባል ወይ የሚለውን የሚለየው አጣሪ ችሎት የሚፈልገው ያንን ነው።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ይቻላል?

አዎ፣ አዋጅ 1249/2013 ፈቅዷል። ከመመዝገብዎ በፊት ግን ገቢና ወጪ አከፋፈልን፣ የጥቅም ግጭት ሲገጥም ማን ጉዳዩን እንደሚተው፣ አንድ አባል ሲወጣ መዝገቦቹ ለማን እንደሚቀሩ በጽሑፍ ይስማሙ።

ጥያቄ፦ ቀጠሮ አምልጦኝ የከሳሽ ደንበኛዬ መዝገብ ተዘጋ። ምን ላድርግ?

ዛሬውኑ መዝገቡን ያስወጡና በየትኛው ቁጥር እንደተዘጋ ይመልከቱ። ተከሳሹ ቀርቦ ክሱን በመካዱ በቁ. 73 ከሆነ፣ በቁ. 74 መሠረት ትእዛዙ እንዲነሳ በአንድ ወር ውስጥ ያመልክቱ፤ ያልቀረቡበትን ምክንያት የሚያሳይ ሰነድ፣ ለምሳሌ የሕክምና ማስረጃ ወይም በዚያው ሰዓት የነበረዎትን ሌላ ችሎት የሚያሳይ ማስረጃ፣ ከቃለ መሐላ ጋር ያያይዙ። ሁለቱም ወገን ባለመቅረቡ ከሆነ የተዘጋው፣ መንገዱ ይለያል። ደንበኛውን ደግሞ ማመልከቻውን ከማስገባትዎ በፊት ይንገሩት፤ ከሌላ ሰው ሊሰማው አይገባም።