ቱርቦ ከመግጠምህ በፊት ፔዳሉን እየው

የሰሞኑ ደብዳቤዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ስለ አሮጌ ናፍጣ ፒክአፕ ናቸው። ጸሐፊዎቹም ኮፈኑን ራሳቸው ከፍተው የሚነካኩ ሰዎች ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ለቀድሞ መካኒኮች የተላኩትን ስድቦች ደግሞ አውጥቻለሁ።

ዘይት በቀየርኩ በማግስቱ መለኪያውን ባወጣው ከሰል መስሏል። ተሸወድኩ?

አልተሸወድክም። የናፍጣ ሞተር ጥላሸት ያመርታል፣ ያንን ይዞ መቆየት ደግሞ የዘይቱ ሥራ ነው። ቀለሙን ተወውና ኪሎ ሜትሩን ቁጠር።

ጠዋት ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ መኪናው ግን አይነሳም። በመከራ ሲነሳ ነጭ ጭስ እየለቀቀ ይንቀጠቀጣል። ቀን ላይ ምንም አይልም። ባትሪውንም የማሞቂያ ካንዴላዎቹንም ቀይሬያለሁ፤ ለውጥ የለም።

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ቢጽፉልኝ ጥሩ ነበር። ነገ ጠዋት ቁልፉን ሳይነኩ ኮፈኑን ይክፈቱ። የናፍጣ ፊልትሮው አናት ላይ በእጅ የሚጫን ትንሽ ፖምፓ አለ። እጅዎ ሥር ጠንከር እስኪል ድረስ ደጋግመው ይጫኑት። ከዚያ አሙቀው ያስነሱ። ቶሎ ከተነሳ ነገሩ አየር ነው። ሌሊቱን አየር እየገባ ናፍጣው ወደ ሰልባትዮው (ወደ ናፍጣ ማጠራቀሚያው) ተመልሷል ማለት ነው።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ቱቦዎቹን አየሁ፣ የሚንጠባጠብ የለም» ይላል። በእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ግን ዋናው ፖምፓ ናፍጣውን ከሰልባትዮ የሚያመጣው ስቦ ነው። በሚስብ ቱቦ ላይ ያለ ስንጥቅ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ ናፍጣ ላያወጣ ይችላል። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው የሚሄደውን ቱቦ ለጊዜው ናፍጣ በሚችል ብርሃን አሳላፊ ቱቦ ይተኩና ሞተሩ እየሠራ ይመልከቱት። ጥቃቅን አረፋዎች ተሰልፈው ሲያልፉ ካዩ ሌባው ከዚያ በፊት አንድ ቦታ ተደብቋል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የዚያኑ የእጅ ፖምፓ ያረጀ ላስቲክ ነው። ቀጥሎ ፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማስጠንቀቂያ ጎሚኒ አያለሁ።

እጅ ፖምፓው ምንም ለውጥ ካላመጣ፣ አዲሶቹ ካንዴላዎች ጋ ኤሌክትሪክ መድረሱን በአምፖል ይፈትሹ። ሪሌው (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘው ማብሪያ) ሞቶ ሳለ ካንዴላ መቀየር የተለመደ ኪሳራ ነው። እሱም ደህና ከሆነ የሞተሩን መጭመቅ ያስለኩ። ለቤንዚን የተሠራ መለኪያ የናፍጣን ግፊት አይችልም፣ ስለዚህ ወደ መካኒክ ይሂዱ።

አረንጓዴና ቀይ የራዲያተር ፈሳሽ ቢቀላቀል ምን ይሆናል?

አይቀላቅሉ። ቀለሙ ማቅለሚያ ብቻ ነው፣ ዓይነቱን አይነግርዎትም። ውስጡ ምን እንዳለ ካላወቁ አጥበው አንድ ዓይነት ይሙሉ።

ሞተሬ 2.8 ሊትር ነው፣ ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) የለውም። ዳገት ላይ ከኋላዬ ሰልፍ ይሠራል። የተፈታ ቱርቦ አግኝቻለሁ፤ ጓደኛዬ ደግሞ ፖምፓው ላይ ያለውን የናፍጣ ብሎን ከፍ እናደርገዋለን ይላል።

ብሎኑን አውቀዋለሁ። በጎረምሳነቴ ሩብ ዙር አዙሬዋለሁ። ሁለት ሳምንት ንጉሥ ሆኜ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ሳምንት የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በገላው መካከል ያለውን ማኅተም) እየቀየርኩ ነበር።

ናፍጣ ስትጨምር አየሩ ካልጨመረ ትርፉ ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው። ፒስተንህ አሉሚኒየም ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። የሚወጣው ጋዝ ግን ጫን ስትለው ከ700 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ፒስተኑን የሚያድነው ሙቀቱን ቶሎ ማስወገዱ ብቻ ነው። ፋብሪካዎች ለቱርቦ ብለው በሠሯቸው ብዙ ሞተሮች ከሥር ዘይት እየረጨ ፒስተኑን የሚያቀዘቅዝ ቀዳዳ አለ። አንተ አየሩን በ22 እጥፍ የሚጨምቅ ቱርቦ የለሽ ሞተር ላይ ነው ልትገጥምበት ያሰብከው። አይቻልም አልልም፤ ሰዎች ያደርጉታል። ግን የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳይገጥሙ የሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ከፍታ ቦታ የምትነዳ ከሆነ ደግሞ ስሜትህ ይገባኛል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል።

ብቻ መጀመሪያ የነበረውን ጉልበት አግኘው። አንድ ሰው ጋቢና ውስጥ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጥልህ። አንተ ፖምፓው ላይ ያለችውን የነዳጅ ምላስ ተመልከት። መጨረሻዋ ላይ ካለው መቆሚያ ብሎን ጋር ትነካካለች? ብዙ ጊዜ አትነካም። ኬብሉ ላልቷል፣ ወይም ምንጣፉ ተጠቅልሎ ፔዳሉ ሥር ገብቷል። ቀጥለህ የአየርና የናፍጣ ፊልትሮ ቀይር፣ ቫልቭ አስተካክል፣ ናፍጣ የሚረጩትን ኢንጄክተሮች አስፈትሽ። አራቱንም ጎማ አንስተህ በእጅህ አዙራቸው፤ ፍሬን ይዞት የሚሄድ መኪና ቱርቦ አያድነውም። ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ካማረህ ጻፍልኝ።

ማርሚታውን ባወጣውስ?

ድምፅ ይጨምራል።

ሲጫን ኋላው እየተቀመጠ ስላስቸገረኝ በየጎኑ ሁለት ሁለት ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) አስጨመርኩ። አሁን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ግን ፍሬን ስይዝ አፍንጫው ይደፋል፣ የፊት ፍሬን ሸራም ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ሸራው ፎርጅድ ይሆን?

ሸራውን ለጊዜው ተወውና መኪናው ሥር ግባ። ክሪክ አያስፈልግህም። ጎማዎቹ መሬት እንደያዙ፣ የእጅ ፍሬን ስበህ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርገህ ግባ። ባሌስትራ አስጨምረህ ቦታው ሰፍቶልሃል።

ከኋላ አክሰሉ ተነስታ ወደ ሻሲው የምትወጣ ቀጭን ዘንግ ፈልግ። ጭቃ ስለሚለብሳት ብዙ ሰው አያያትም። ላይኛው ጫፏ የፍሬን ቱቦዎች ከሚገቡባትና ከሚወጡባት አንዲት ቫልቭ ጋር ይገናኛል። ብዙዎቹ አሮጌ የጃፓን ፒክአፖች ይህች ቫልቭ አለቻቸው። ሥራዋ እንዲህ ነው። ባዶ ፒክአፕ ኋላው ቀላል ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ይብስ ይቀለዋል፤ ጎማው ይቆልፍና ጭራው ይዞራል። ስለዚህ ባዶ ሲሆን ቫልቯ ወደ ኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ትቀንሳለች። ሲጫን ሻሲው ወደ አክሰሉ ይወርዳል፣ ዘንጓ ትገፋለች፣ ቫልቯም ግፊቱን ትለቃለች።

ልብ በል፣ ኪሎ አትመዝንም። የምታውቀው በሻሲውና በአክሰሉ መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው። አንተ ያንን ርቀት ከፍ አደረግህባት። አሁን መኪናው ጢም ብሎ ተጭኖም እሷ ባዶ ነው ትላለች። የኋላው ፍሬን ለስሙ ይይዛል፣ ሥራውን ፊቱ ብቻውን ይሸከማል። ሸራህ ምንም አላጠፋም። በላዩ ላይ የሁለት ሰው ሥራ ስለጫንክበት ነው የሚያልቀው።

ይህን ስትነግራቸው ዘንጓን በሽቦ ወደ ላይ አስረው የሚልኩህ አሉ። ቫልቯን አውጥተው ቱቦውን በቀጥታ የሚያገናኙም አሉ። ሲጫን ሁለቱም ይሠራሉ። ባዶውን፣ ዝናብ በነካው አስፋልት ላይ፣ መታጠፊያ ውስጥ ፍሬን ስትይዝ ግን ጭራህ ይቀድምሃል። የታሰረ ሽቦ አንድ ጊዜ አይቼ፣ ባለቤቱ ፊት ቆርጬዋለሁ። ተቀይሞኛል።

ትክክለኛው መንገድ መኪናው ከፍ ያለበትን ያህል የዘንጓን መያዣ ማስተካከል፣ ከዚያም የፊትና የኋላ ግፊቱን በሁለት መለኪያ አይቶ መጨረስ ነው። ይህ በዓይን ግምት የሚሠራ አይደለም። ፍሬን የሚያውቅ፣ መለኪያውም ያለው ጋራዥ ሂድ። «ግዴለም፣ በልምድ አደርገዋለሁ» የሚልህን አመስግነህ ውጣ። እስከዚያ ድረስ ጭነት አትጫን።

ባሌስትራው ስለበዛ መኪናው የሚችለው ጭነት አልጨመረም። ኩሽኔታው፣ አክሰሉ፣ ጎማውና ፍሬኑ ያው የድሮዎቹ ናቸው። የድሮው ባሌስትራ ደክሞ ከሆነ በዚያው ልክ በተሠራ አዲስ ትተካዋለህ፣ ቫልቯም ሥራዋን ትቀጥላለች።

አንዱ ሲሊንደር አይሠራም መሰለኝ። አጎቴ ሞተሩ እየሠራ የኢንጄክተሮቹን የናፍጣ ቱቦ ዳዶ በየተራ አላላ ይለኛል።

በአሮጌ ሜካኒካል ፖምፓ ከሆነ የአጎትሽ ዘዴ ይሠራል። ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ሰነፉ እሱ ነው። መነጽር አድርጊ፣ ዳዶውን በጨርቅ ሸፍኚ፣ ቁልፉን ብቻ ያዢ። ኮመን ሬይል (ናፍጣውን በአንድ የጋራ ቧንቧ በከፍተኛ ግፊት የሚይዝ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ዓይነት) ከሆነ ግን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2000 ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ ናቸው፣ ሞተሩ እየሠራ ፈጽሞ እንዳትነኪው። ግፊቱ ከ1000 ባር ሊበልጥ ይችላል። ስካነር ያለው ሰው ያይልሽ።

በየትኛውም ሞተር ላይ የተረጨ ናፍጣ ቆዳ ከበሳ ቁስሉ መርፌ የነካው ያህል ነው የሚመስለው፤ መጀመሪያ ላያምም ይችላል። ውስጥ ለውስጥ ግን ሥጋውን ይገድላል። ቤት ተቀምጠሽ አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሄደሽ «በግፊት የተረጨ ናፍጣ ነው» በያቸው። ጣት የሚቆረጠው በመዘግየት ነው።

ያገለገለ ሃይሉክስ ገዛሁ፣ 3ኤል ሞተር። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ሻጩ አያውቅም። ግን ድምፁ ሰላም ነው።

ይህ ቺንጋ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማ ቀበቶ ነው፤ ሊበጠስ ሲል አይጮህም። በዚህ ሞተር ላይ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። መቀየሪያው 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ታሪኩ ካልታወቀ ደግሞ ዛሬ። መወጠሪያውንና የፊት ዘይት ማኅተሞቹንም አብረህ ቀይር፣ ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜ የለውም። ምልክቶቹን ማጋጠም ካልለመድክ አንድ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ይቁም።

ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት አለ። ኪሎ ሜትሩ ሲሞላ ይበራል። ቁልፉን ስታዞር ከሌሎቹ መብራቶች ጋር አብሮ ካልበራ፣ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎታል ማለት ነው። እኔ የገዛሁት ላይ ተነቅሎ ነበር። ቺንጋውን ስትቀይር አምፖሉንም መልሰው።