ወረቀቱ ቤት ሲደርስ፦ በአሜሪካ ለምትማሩ ወጣቶች

አገር ቤት ተማሪ ሲያጠፋ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። ወላጅ ይመጣል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ልጁ ይገሠጻል፣ ነገሩም በዚያው ይበርዳል። እዚህ አሜሪካ እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ ቀሪ፣ እያንዳንዱ እገዳ ይመዘገባል፤ ያለ በቂ ምክንያት የተቀረባቸው ቀናት የተወሰነ ቁጥር ሲሞሉ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ማምራት ይጀምራል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ለምትማሩ፣ ለታናናሾቻችሁም ደብዳቤ የምታነቡት እናንተው ለሆናችሁ ወጣቶች ይህን የምጽፈው፣ ልጅን ከዚያ መንገድ መመለስ የሚቀለው ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሆነ ነው።

ቁጥሮቹን እወቋቸው። በዲሲ አንድ ተማሪ በአንድ የትምህርት ወቅት 5 ቀን ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ፣ ትምህርት ቤቱ የድጋፍ ቡድን ሰብስቦ ለምን እንደቀረ ማጣራት አለበት። ከ5 እስከ 13 ዓመት ያለ ልጅ በዓመቱ ውስጥ 10 ቀን ሲሞላው ጉዳዩ ወደ ሕፃናትና ቤተሰብ አገልግሎት ይተላለፋል፤ እዚያ ተጠያቂው ወላጅ ነው። ከ14 እስከ 17 ዓመት ያለው ደግሞ 15 ቀን ሲሞላው ስሙ ለፍርድ ቤቱ ማኅበራዊ አገልግሎትና ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ይላካል። በቨርጂኒያም ወላጅ ሳያውቅ 5 ቀን የቀረ ልጅ እቅድ ይወጣለታል፤ እቅዱ ካልሠራ የታዳጊዎችና የቤተሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሊከተል ይችላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀሪ የሚባለው ጭራሽ ያልመጣ ብቻ ስለሚመስላቸው ነው። በዲሲ ከትምህርት ቀኑ 60 በመቶውን እንኳ ያልተገኘ ተማሪ ቀኑን ሙሉ እንደቀረ ይቆጠራል። ቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ቢሆን፣ ከ156 ደቂቃ በላይ ያመለጠው ልጅ ቀሪ ነው ማለት ነው። ታናሽ እህቱን አድርሶ፣ አውቶቡስ አምልጦት ይህን ያህል አርፍዶ የገባ ልጅ ከፎረፈው ጋር እኩል ይጻፋል። ሐኪም ቤት ውሎ ወረቀት ያላስገባም እንዲሁ። ለገናና ለጥምቀት የሚቀር ልጅ የሃይማኖት በዓል መሆኑን የሚገልጽ የወላጅ ማስታወሻ አስቀድሞ ያስገባ። አገር ቤት ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ሦስት ሳምንት መሄድ ሲመጣ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ትምህርት ቤቱን ጠይቁ፤ በቨርጂኒያ 15 ተከታታይ ቀን የቀረ ተማሪ ከመዝገብ ይሰረዛል። ሌላም አለ፦ ትምህርት ቤቱ የሚደውልበት ስልክ የማን ነው? አንዳንዱ ልጅ የራሱን ቁጥር የአባቱ አድርጎ አስመዝግቧል፤ የአንዳንዱ ወላጅ ቁጥር ደግሞ ከተቀየረ ቆይቷል። ዛሬውኑ አስተካክሉት።

አምስተኛው ቀሪ ላይ የሚጠራው ስብሰባ እንደ ቅጣት ይፈራል፤ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ ለልጁ ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው። እውነተኛውን ምክንያት ተናገሩ። ሌሊት ሥራ እየሠራ ጠዋት መነሳት አቅቶት ይሆናል። መንገድ ላይ የሚጠብቁት ልጆች ይኖራሉ። በ17 ዓመቱ መጥቶ ዘጠነኛ ክፍል ተመድቦ፣ እንግሊዝኛው አልገባ ብሎት አፍሮ ይሆናል። ምክንያቱ ከታወቀ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ማዛወር፣ የአውቶቡስ መስመር መቀየር፣ የቋንቋ ድጋፍ መጨመር ይቻላል። «ከአሁን በኋላ ይመጣል» ብሎ ቃል መግባት ግን እቅድ አይደለም።

በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ለወላጆቻችሁ አታስተርጉሙ፤ በራሳችሁ ጉዳይማ ፈጽሞ። «ተማሪ መታ» የሚለው «ትንሽ ተጋጨ» እየሆነ ይተረጎማል፤ ወላጅ ሳያውቅ ይፈርማል። ትምህርት ቤቱ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለበት፤ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይቀርባል። ወላጆቻችን ደግሞ ከጨዋነት ነገሩን ሳይሰሙ «ጥፋቱ የእሱ ነው፣ ይቅርታ» ማለት ይቀናቸዋል። ያ ቃል እንደ እምነት ቃል ሊመዘገብ ይችላል። መጀመሪያ እንዲሰሙ ንገሯቸው።

ሰስፔንድ ስለመደረግ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በቴክሳስ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት፣ ሕግ ሳያስገድድ በትምህርት ቤቱ ውሳኔ ብቻ የታገደ ወይም የተባረረ ልጅ በቀጣዩ ዓመት ከታዳጊዎች ፍትሕ ሥርዓት ጋር የመገናኘት ዕድሉ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም፦ ቤት ሰው የለም፣ እናት ሆስፒታል ፈረቃ ላይ ናት፣ አባት ታክሲ ይነዳል፣ ልጁ መንገድ ላይ ይውላል፣ ሲመለስ ትምህርቱ ርቆታል፤ ከዚያ መፎረፍ ይጀምራል።

ከ1975ቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጎስ እና ሎፔዝ ውሳኔ ጀምሮ የሕዝብ ትምህርት ቤት ለ10 ቀንም ሆነ ከዚያ በታች ሲያግድ ክሱን መናገር፣ ተማሪው ከካደ ማስረጃውን መግለጽ፣ የልጁንም ወገን መስማት አለበት። ስለዚህ ደብዳቤውን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የይግባኙን የመጨረሻ ቀን አክብቡበት፤ አጭር ነው። «ዛሬ መጥታችሁ ውሰዱት» ተብሎ ያለ ወረቀት መላክም እገዳ ነው፤ በኢሜይል ማረጋገጫ ጠይቁ። በተለይ የልዩ ድጋፍ ተማሪ ከሆነ በዓመቱ ከ10 ቀን በላይ መታገድ ሲመጣ ጥፋቱ ከአካል ጉዳቱ የመጣ መሆን አለመሆኑ በስብሰባ መመርመር አለበት፤ በቃል የተላኩት ቀናት ካልተቆጠሩ ይህ መብት ያመልጣል። በእገዳ ላይ ሳላችሁ ማታ ኳስ ለማየት እንኳ ግቢው ውስጥ አትግቡ፤ ያለ ፈቃድ ገብታችኋል ተብሎ ሊያስከስስ ይችላል።

«የሆነውን ጻፍ» ተብሎ የሚሰጥ ባዶ ወረቀት ፖሊስ እጅ ሊገባ ይችላል። ፖሊስ ከጠየቃችሁ ሳትቆጡ፣ ሳትሮጡ «ወላጄንና ጠበቃ ሳላገኝ አልናገርም» በሉ፤ ስማችሁን ንገሩ፣ ይበቃል።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳይ ቦታም አለ። በጆርጂያ ክላይተን ካውንቲ የታዳጊዎች ዳኛ የነበሩት ስቲቨን ቴስኪ በ2004 ፖሊስንና ትምህርት ቤቶችን አስማምተው፣ ተራ ድብድብና ረብሻ መጀመሪያ በማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ በግጭት አፈታት ሥልጠና ወይም ሽምግልና እንዲያልፍ፣ ፍርድ ቤት የሚመጣው በሦስተኛው እንዲሆን አደረጉ። የሚከሰሱት ልጆች በእጅጉ ቀነሱ። ቨርጂኒያም ከ2020 ጀምሮ ተማሪ በትምህርት ቤት ባደረገው ረብሻ ብቻ «ሥርዓት በማደፍረስ» ወንጀል እንዳይከሰስ ደንግጋለች። በተማሪ ምክር ቤት ያላችሁ፣ ትምህርት ቤታችሁ ከፖሊስ ጋር የፈረመውን ስምምነት ጠይቃችሁ አንብቡ።

የፍርድ ቤት ጥሪ ከደረሰ ቀጠሮ አይታለፍ፤ መቅረት ብቻውን ሊያሲዝ ይችላል። ከ1967ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት የጎልት ውሳኔ ወዲህ በወንጀል ነክ ክስ የቀረበ ታዳጊ ጠበቃ የማግኘት መብት አለው፤ የሚከፍል ከሌለው መንግሥት ያቆምለታል። ዜግነት ያላገኘ ልጅ ማናቸውንም ነገር ከማመኑ በፊት የመኖሪያ ፈቃዱን ሁኔታ ለጠበቃው ይንገር። ጠበቃ ምስጢር ይጠብቃል፤ ቀላል የሚመስል ስምምነት ደግሞ በኋላ የግሪን ካርድ ማመልከቻን ሊያውክ ይችላል።