ለወጣት ሰባክያን፦ በስብከት ውስጥ ስለሚገባ አጭር ታሪክና ስለ ሳቅ

ውድ ልጆቼ፣

በሰንበት ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርሁ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከእናንተ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ «ሕዝቡ እንዳይሰለች ምን ዓይነት ቀልድ ላስገባ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቅን ነው፤ እኔ ግን ከቀልዱ በፊት ታሪክ በስብከት ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንድታስቡ እወዳለሁ።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 12 ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት በገባ ጊዜ በወቀሳ አልጀመረም። ብዙ በግና ላም ያለው ባለጠጋ ለእንግዳው ከራሱ መንጋ ማረድ ሳስቶ፣ በድሃው ብብት የምትተኛውን አንዲት ጠቦት እንደ ወሰደ ነገረው። ታሪኩ በአራት ቁጥር አለቀ። ዳዊት ተቆጥቶ በባለጠጋው ላይ የሞት ፍርድ ከፈረደ በኋላ ነው «ያ ሰው አንተ ነህ» የተባለው። ናታን ታሪኩን ቢያስረዝም ወይም ስለ ስስት ማብራሪያ ቢጨምርበት ኖሮ፣ ንጉሡ ወዴት እየተወሰደ እንደ ሆነ ነቅቶ ልቡን በዘጋ ነበር። እናቶቻችንም በምድጃ ዳር «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው ይጨርሱ ነበር እንጂ ትርጓሜውን አያስከትሉም ነበር፤ ትርጓሜው ለእኛ የቤት ሥራ ነበር።

የካቲት 16 ቀን የሚነገረውን የበላዔ ሰብእን ታሪክም አስቡ። 78 ሰው የበላ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድሃ የሰጠው ጥርኝ ውሃ በፍርድ ሚዛን ላይ ከኃጢአቱ ሲከብድ ሕፃንም ሽማግሌም ያየዋል። በምትመርጡት ታሪክ ውስጥ እንደዚያ ጥርኝ ውሃ በዓይን የሚታይ አንድ ነገር ይኑር።

ስለ ሳቅ ስናወራ የአለቃ ገብረ ሐና ስም መነሣቱ አይቀርም። አለቃ የአቋቋም፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የሚቀርበው የማሕሌት ዝማሬና ሽብሸባ፣ ሊቅ መሆናቸው ተረስቶ፣ ያልተናገሩት ሁሉ በስማቸው ይነገራል፤ እባካችሁ እናንተ አትጨምሩበት። አህያ ለሚነዳ ሰው «እንደምን አደራችሁ» አሉት የሚባለው ቀልድ ያለው «ችሁ» በምትለው አንዲት ቅጥያ ውስጥ ነው። በውጭ አገር ላደጉ ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ብትተረጉሙት አንዱንና ብዙውን የሚለይ ቃል ስለሌለ ሳቁ በመንገድ ላይ ይቀራል። ማስረዳት ከጀመራችሁ ደግሞ የስብከቱ ደቂቃ በሰዋስው ያልቃል።

ከሁሉ የሚከብደኝን ልንገራችሁ። በወጣትነቴ ስለ አንድ ሰካራም አባት፣ ሌሊት የራሱን ቤት አጥቶ የጎረቤት በር ስለሚደበድብ ሰው አስመስዬ ተረክሁ። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ተደሰትሁ። በፊተኛው ወንበር ከተቀመጡት ልጆች አንዱ ግን አንገቱን ደፍቶ ያለቅስ ነበር፤ አባቱ እንደዚያ መሆኑን ከእኔ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ከጉባኤው በኋላ ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እርሱም «ምንም አይደለም መምህር» አለኝ። ሆኖም ከዚያ ወዲያ ወደ ጉባኤው ለመመለስ ወራት ፈጀበት። ስለ ንስሐ ያስተማርሁትን ማን እንዳስታወሰው አላውቅም፤ ሳቁን ግን ያ ልጅ ይዞት ሄዷል።

ስለዚህ ታሪክ የምትመዘግቡበት ደብተር ይኑራችሁ። ከእያንዳንዱ ታሪክ አጠገብ ከማን እንደ ሰማችሁት፣ የት እንደ ተናገራችሁት፣ ማንንም ሊያቆስል ይችል እንደ ሆነ ጻፉ። የሰው ምሥጢር ከሆነ ስሙን ብትለውጡም አትንገሩት፤ በትንሽ ሰፈር ስም መለወጥ ማንንም አይሰውርም። በእኔ ደብተር የሰካራሙ ታሪክ እስከ ዛሬ አለ፤ በላዩ ላይ መስመር አስምሬበታለሁ፤ በኅዳጉም የልጁ ዕድሜ ተጽፏል፦ 11።