የተሸነፈ መድኃኒት ለምን እንደተሸነፈ ጠይቁ

ልጆቼ፣

ፋርማሲ፣ ኬሚስትሪ ወይም ላብራቶሪ የምታጠኑ ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ዕድሜዬ ያለቀው በመድኃኒት ሥራ፣ ይበልጡን ከቲቢ ታካሚዎች ጋር ነው።

አንድ ወጣት አይረሳኝም። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዞት በየቀኑ መርፌ ይወጋ ነበር። ያኔ ሕክምናው ከዓመት ተኩል በላይ ይፈጃል። ሳንባው ዳነ። ጆሮው ግን በመርፌው ምክንያት መስማት አቆመ። ኋላ ሳናግረው ከንፈሬን እያየ ነበር የሚረዳኝ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

እኛ ተማሪ ሳለን «ፔኒሲሊን ለቲቢ አይሠራም» ተባልን። ሸመደድን፣ ተፈተንን፣ አለፍን። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። በዚህ እኔን አትምሰሉ።

ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ ባክቴሪያው ግድግዳውን በወጉ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። የቲቢ ባክቴሪያም ግድግዳ አለው። ግን «ብላ ሲ» የሚባል ኢንዛይም አለው፤ መድኃኒቱን ገና ሥራ ሳይጀምር ይሰብረዋል። መንገድ ላይ ተይዞ ቀረ በሉት።

ታዲያ ኢንዛይሙ ራሱ ቢያዝስ? ኒው ዮርክ፣ አልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ጠየቁ። ለመያዣ የመረጡት ክላቩላኔትን ነው። ታውቁታላችሁ፣ ኦግመንቲን ውስጥ ከአሞክሳሲሊን ጋር ያለው ነው። ብቻውን ባክቴሪያ በመግደል ብዙም አይታወቅም። ኢንዛይሙ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ በቃ። ከሱ ጋር የፔኒሲሊን ዘመድ የሆነውን፣ ኢንዛይሙም ቶሎ የማይሰብረውን ሜሮፔኔምን አጣመሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ውጤት፣ ሌሎች መድኃኒቶች ያቃታቸው 13 የቲቢ ዝርያዎች በላብራቶሪ ማደግ አቆሙ። በ2016 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ፣ በ14 ቀን ውስጥ አክታቸው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ቀነሰ። ጥምረቱ ያኔ አዲስ ይባል እንጂ ሁለቱም መድኃኒቶች ለሌላ በሽታ ሲታዘዙ የኖሩ ናቸው።

አደራ፣ ይህን አንብቦ ኦግመንቲን ገዝቶ ቲቢን አክማለሁ የሚል እንዳይኖር። ብቻውን አያድንም።

ላብራቶሪ የምትገቡ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋችኋል። አንዳንድ ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ ሲባዛ ቲቢ አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ሳምንታት ትጠብቃላችሁ። ባዶ የመሰላችሁን የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን ቶሎ አትጣሉ።

ሥራው አላለቀም። ሜሮፔኔም የሚሰጠው በደም ሥር ነው፣ ያውም በቀን ሁለት ሦስቴ። ክላቩላኔት ለብቻው ስለማይሸጥ ሐኪሞች ለሱ ሲሉ አሞክሳሲሊኑንም አብረው ይሰጣሉ። ከጤና ጣቢያ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ለሚኖር ገበሬ ይህ እንዴት ይሆናል? የሚዋጥ ኪኒን ያስፈልገዋል። እኔ ለዚህ ዘግይቻለሁ። ከእናንተ አንዱ ይህን ጥያቄ ቢይዝልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።