በጋራ ድራይቭ ላይ ለምትሠሩ ልጆች

ግቢ ውስጥ ያለ የቢሮ ወይም የላብ ኮምፒውተር ስትከፍቱ ከሲ እና ከዲ በታች አንድ ሌላ ድራይቭ ታያላችሁ። አንዳንዱ ጋ ዜድ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ኤስ። ብዙ ሰው የዚያው ኮምፒውተር አካል ይመስለዋል። አይደለም። ሌላ ሕንፃ ውስጥ የተቀመጠ ሰርቨር ነው፤ እናንተ በምታዩበት ሰዓት ዲኑም፣ የዲፓርትመንቷ ጸሐፊም፣ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማረው ልጅም እያዩት ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት እንዲህ ያሉ ሰርቨሮችን ስጠብቅ ነው። ጡረታዬ ስለተቃረበ የምነግራችሁን ሳልነግራችሁ መውጣት አልፈለግሁም። ከዲስክ ብልሽት ይልቅ ሰው «ፋይሉ የኔ ነው» ብሎ የሚያደርገው ነገር ነው ስልካችንን ሲያስጮኸው የኖረው። ፋይሉ ያንተ ይሁን፣ ቦታው ግን የጋራ ነው።

ከመሰረዝ ልጀምር። በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ዲሊት ያደረጋችሁት ፋይል ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይቆያችኋል። ከጋራ ድራይቭ ላይ የሰረዛችሁት ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይገባም፣ በቃ ሄደ። ዊንዶውስ ለዘለቄታው ልሰርዘው ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ እኛ ደግሞ ሳናነብ የስ እንላለን። ይሄ የሁላችንም በሽታ ነው። ከሆነ በኋላ ፎልደሩን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ፕሪቪየስ ቨርዥንስ» የሚል ካለ እዩ፤ የሰርቨሩ ኃላፊ አገልግሎቱን ከፍቶት ከሆነ የትናንቱ ቅጂ እዚያ ይኖራል። ከሌለ በዚያው ቀን አይሲቲ ደውሉ። የቆየው ቅጂ ቦታ ሲጠብ በአዲሱ ይተካልና። ተሸማቃችሁ ዝም ካላችሁና ከወር በኋላ ከመጣችሁ ምንም ልናደርግላችሁ አንችልም።

«ፎልደሩ ጠፋ» ከሚሉት ጥሪዎች ብዙዎቹ ደግሞ መጥፋት አይደሉም። የውጤት ማስገቢያ ሰሞን ነው፣ ሁሉም ተጣድፏል፣ አንዱ የሁለተኛ ዓመቱን ፎልደር ሊከፍት ሲል ማውሱ ያንሸራትተውና የአንደኛ ዓመቱ ውስጥ ይከተዋል። ዲፓርትመንቱ በሙሉ ይተራመሳል፣ ማን ሰረዘው እየተባለ መወነጃጀል ይመጣል፣ ፎልደሩ ግን አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል። መጀመሪያ ፈልጉ። ሰው መጠርጠር ይደርሳል።

ፋይል ከፍቶ መውጣትም ሌላው ጣጣ ነው። አንድ መምህር የውጤት ኤክሴሉን ከፍቶ ቡና ሊጠጣ ይወጣል። ሌላዋ ስትከፍተው «ለንባብ ብቻ» ይላታል። ትጠብቃለች፣ አይመጣም፣ እሷም በሌላ ስም ሴቭ ታደርገውና ሥራዋን ትቀጥላለች። አሁን ሁለት የውጤት ፋይል አለን፣ ሁለቱም ግማሽ እውነት። ይህንን ለማስታረቅ የሚፈጀውን ሰዓት የምታውቀው ጸሐፊዋ ብቻ ናት። ስትወጡ ዝጉት። አንዳንዴ የምታዩት በ«~$» የሚጀምር ትንሽ ፋይልም ቆሻሻ አይደለም፣ ማን እንደከፈተው የሚመዘገብበት ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ሳይሰረዝ ይቀርና፣ ሲመለስ ፋይሉን ራሳችሁ ይዛችሁታል ብሎ ይከራከራችኋል።

መብራት ካነሳን አይቀር፣ ሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ) እና ጄነሬተር ይኖረዋል፣ በእናንተና በእሱ መሀል ያለው ስዊች፣ ማለትም የኔትዎርክ ኬብሎቹ የሚገናኙበት ሳጥን፣ ግን ላይኖረው ይችላል። ትልቅ ፎልደር ከት አድርጋችሁ ስታሻግሩ መስመሩ ቢቋረጥ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይቀራል። ኮፒ አድርጉ፣ ከፍታችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ የድሮውን አጥፉ።

ስም አወጣጥ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኛ አገር የራሱ ጉድ አለው። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «ፋይናል አድቫይዘር ያየው»፣ «የመጨረሻ ፋይናል» የሚለው በየትም አገር ያለ ነው። የኛ የሚብሰው ዘመኑ ነው። «ሪፖርት 2016» ይላል ፋይሉ። በኛ ነው በፈረንጅ? በጀቱ ከሐምሌ ጀምሮ በኛ አቆጣጠር ይሄዳል፣ የውጭ ፕሮጀክቱ ደግሞ በነሱ፣ ሁለቱም አንድ ፎልደር ውስጥ ተኝተዋል። ዓ.ም ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጨምሩበት፣ አያስከፍልም። ቀን ስትጽፉ ዓመቱን አስቀድሙ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን፣ እንደ 2016-03-12፤ በቅደም ተከተል ራሱ ይሰለፍላችኋል። በእዝባር (/) መጻፍ እንደሆነ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም።

ፊደሉም አለ። አንዱ «ሥራ» ብሎ ያስቀመጠውን ሌላው «ስራ» ብሎ ቢፈልግ ኮምፒውተሩ የለም ሊለው ይችላል። እኛ ስናነበው አንድ ነው፣ ለማሽኑ ግን ሠ እና ሰ የተለያዩ ናቸው። ጸ እና ፀም እንዲሁ። በዲፓርትመንት ደረጃ አንዱን መርጣችሁ ተስማሙ፣ ሰዋስው ላይ መሟገቱን ለሌላ ጊዜ። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎች ካሏችሁ ደግሞ ጎናቸው ፒዲኤፍ አስቀምጡ፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ትርምስ ነው የሚሆኑት።

አሁን ሰው የሚቀየመኝ ነገር ላይ ልምጣ። አዲስ የሚቀጠር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሁሉንም ፎልደር ኤዲት ማድረግ እንድችል አድርጉልኝ» ነው። ስንከለክለው ንቀት ይመስለዋል። ዋናክራይን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ኮምፒውተሮችን የቆለፈው ያ ቫይረስ የተሰራጨው ይኸው የጋራ ድራይቫችን በሚሠራበት የዊንዶውስ ፋይል ማጋሪያ መንገድ ነበር። መድኃኒቱ፣ ማለትም የማይክሮሶፍት አፕዴት፣ ከሁለት ወር በፊት በመጋቢት ወጥቶ ነበር፣ ያልጫነ ብዙ ነበር እንጂ። እንዲህ ያለ ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በፍላሽም ይምጣ በኢሜይል፣ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ከገባ እናንተ መጻፍ የምትችሉበትን ቦታ ሁሉ ይቆልፋል። ፈቃዳችሁ በሰፋ ቁጥር ጥፋቱም ይሰፋል። ስለዚህ ማንበብ የሚበቃችሁ ቦታ ማንበብ ይብቃችሁ። ከፎቶ ኮፒ ቤት የመጣ ፍላሽም ስካን ሳይደረግ አይከፈት፣ የጓደኛም ቢሆን።

ፓስዎርድ ለጓደኛ መስጠትስ? አትስጡ። ይህን ያህል ነው።

የሰው መረጃም እንዲሁ ቀልድ አይደለም። ጥናት ስትሠሩ ቃለ መጠይቅ ለሰጡት ሰዎች ስማችሁ አይወጣም ብላችሁ አስፈርማችኋል። ያንን ስም ዝርዝር ሁሉም በሚያየው ፎልደር ማስቀመጥ ቃል ማፍረስ ነው። አሁን ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ «አላወቅሁም» አያዋጣም።

የጋራ ድራይቭ ላይ አስቀምጫለሁና ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለኝ የሚል ተማሪ ሳይ ግን ሆዴ ይባባል። ሰርቨሩ ውስጥ ብዙ ዲስክ አለ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ይሸከማል፣ እውነት ነው። የሰረዛችሁትን ግን ሁሉም ዲስኮች በታዛዥነት አብረው ይሰርዙታል። የጃፓኑ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ከሱፐር ኮምፒውተሩ ማከማቻ 77 ቴራባይት የሚሆን፣ 34 ሚሊዮን ገደማ ፋይል አጥቷል። 14 የምርምር ቡድኖች ተነኩ፣ የአንዳንዶቹ ጭራሽ አልተመለሰም። ያጠፋው ማን መሰላችሁ? ሃከር አይደለም፣ የባካፑ ፕሮግራም ራሱ ነው፣ አፕዴት ሲደረግ በተፈጠረ ስህተት። እነሱ ላይ ከደረሰ እኛ ላይ አይደርስም አልልም። ቴሲሳችሁ ሦስት ቦታ ይኑር፦ አንዱ ድራይቩ ላይ፣ አንዱ ላፕቶፓችሁ ላይ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ፣ ጉግል ድራይቭም ይሁን ቤት የተቀመጠ ሃርድ ዲስክ። ጉግልም ቢሆን ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠውን ገደብ የለሽ ቦታ አስቀርቶ ለአንድ ተቋም በሙሉ የጋራ 100 ቴራባይት መነሻ አድርጎታል፤ ስለዚህ የሰርግ ቪዲዮ እዚያም አታጭቁ። የኛ ሰርቨር ላይ ስንት ሰርግ እንዳለ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ።

የመጨረሻው የመልቀቂያ ነገር ነው። ስትመረቁ፣ ስትዛወሩ ወይም ለፒኤችዲ ውጭ ስትሄዱ አካውንታችሁ ይዘጋል። ክሊራንስ ስትጨርሱ ላይብረሪው መጽሐፍ መልሱ ይላል፣ ንብረት ክፍሉ ላፕቶፕ መልሱ ይላል፣ ስለ ፋይል የሚጠይቃችሁ ሰው ግን ላይኖር ይችላል። እናንተ ጠይቁ። ከመውጣታችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ የኮርሱን፣ የፕሮጀክቱን፣ የላቡን ፋይል በስማችሁ ካለው ፎልደር ወደ ዲፓርትመንቱ አዛውሩ፣ የግላችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ «አንብቡኝ» የሚል ትንሽ ፋይል ክፈቱና የቱ ዳታ የት እንዳለ፣ የትኛው ኤክሴል የመጨረሻው እንደሆነ አምስት መስመር ጻፉበት። ስልካችሁንም አስቀምጡ፤ መደወሉ እንደሆነ አይቀርም።